ብርሌ ያለኝ ሰው

የመምህር ተሰማን ሞት የነገረችኝ መቱ ገበያ ላይ ሽንኩርት የምትሸጥ ሴት ናት። ቅዳሜ ነበር፤ ዝናቡ ጋብ ብሏል፣ ጭቃው ግን ጫማ ይውጣል። «ያ ባለ ጃንጥላው አስተማሪ አርፈዋል አሉ፤ ትናንት ሁሩሙ ተቀበሩ» አለችኝ። ሽንኩርት መምረጤን ቀጠልኩ። ያልሰማኋት መስሏት ደገመችልኝ። ለሞተ ሰው የሚባለው ቃል ከንፈሬ ላይ ደረሰና መልሼ ዋጥኩት።

«ዘመድዎ ነበሩ እንዴ?» አለች፣ ዝም ማለቴን ለሐዘን ቆጥራው።

«አስተማሪዬ ነበር» አልኳትና ዘንቢሌን አንስቼ ሄድኩ።

«ነበሩ» ሳይሆን «ነበር» ማለቴን ሳታስተውል አልቀረችም። አስተማሪን እሱ ብሎ መጥራት በእኛ አገር ነውር መሆኑን አላጣሁትም። ፊቱ ቆሜ ስናገር ዕድሜዬን ሙሉ አክብሬ ነው የጠራሁት። በልቤ ግን አንድም ቀን እሳቸው ብዬው አላውቅም፤ አሁን የምጽፈው ደግሞ ከልቤ ነው። ስለ ሞተ ሰው ክፉ አይወራም ይላሉ። እኔ ግን እሱ በሕይወት ሳለ ፊት ለፊት ያልኩትን ስለምደግም ሐሜት አይሆንብኝም።

መምህር ተሰማ ጣሊያን ከወጣ በኋላ ትምህርት ቤቶች እንደገና ሲከፈቱ ከሸዋ ደጋ ወደ ኢሉባቦር ከመጡት አስተማሪዎች አንዱ ነው። ረጅም፣ ቀጭን፣ ካኪ ኮቱን እስከ አንገቱ የሚቆልፍ ሰው ነበር። ክረምት ከበጋ ጥቁር ጃንጥላ ከእጁ አይለይም፤ በእኛ አገር ዝናብ ደግሞ ማንም አይስቅበትም። ክፍል ከመግባቱ በፊት በር ላይ ቆሞ የጫማውን ጭቃ በእንጨት ይፍቅ ነበር። እኛ ውስጥ ሆነን ድምፁን እንሰማለን። ቀስ ብሎ ከፋቀ ቀኑ ደህና ነው። ቶሎ ቶሎ ከፋቀ ያ ቀን የአንዳችን ነው።

በእጁ ነክቶን ግን አያውቅም። በዚያ ዘመን የማይገርፍ አስተማሪ ብርቅ ስለነበር ወላጆቻችን «ይሄ ሰው ልጆቹን አሞላቀቃቸው» እያሉ ያሙት ነበር። ምነው በገረፈን ያልነው እኛ ነን።

በዓመቱ መጀመሪያ አዲስ ተማሪ ሁሉ ተነስቶ ይጠየቃል። የመጀመሪያው ጥያቄ «ምን መሆን ትፈልጋለህ?» ነው። ሁለተኛው «ለምን?» ነው። ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ «ለምን?» ነው። አንድ ልጅ ዳኛ መሆን እፈልጋለሁ ሲል ትዝ ይለኛል።

«ለምን?»

«አገሬን ላገለግል።»

«አገርህን ተዋት። ለምን?»

«ፍርድ ለማስተካከል።»

«ይሄም ከሰው የሰማኸው ነው። ለምን?»

ልጁ በመጨረሻ መሬት መሬት እያየ «አባቴን ችሎት ላይ ሲያንቋሽሹት አይቼ» አለ። መምህር ተሰማ የጠፋበትን ቁልፍ እንዳገኘ ሰው ራሱን ነቀነቀ። «እሱ ነው። አሁን ተቀመጥ» አለው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ያ ልጅ በሰነፈ ቁጥር የአባቱ ነገር ይነሳል።

ለዚህ ሥራው አባባል ነበረው። «በቅሎ በሣርም ትሄዳለች፣ በአለንጋም ትሄዳለች። ሣሩ ያልቃል። አለንጋው ግን አያልቅም» ይል ነበር። ሰው የሚወደውን ሊያገኝ ብሎ ሩቅ አይሄድም፣ ሩቅ የሚያስኬደው የተናቀበት ቀን ነው፤ እምነቱ ይህ ነበር። የያንዳንዳችንን የተናቅንበት ቀን ፈልጎ ያገኛል። ከሌለን ደግሞ ይሠራልናል።

እኔ ተራዬ ሲደርስ «አስተማሪ መሆን እፈልጋለሁ» አልኩ።

«ለምን?»

«እርስዎን አይቼ።»

ሳቅ አለ። «ይሄ ውሸት ነው አሰለፈች። ቆይ፣ እናገኘዋለን» አለኝ።

ሰባተኛ ክፍል ስደርስ አገኘው።

እናቴ መቱ ገበያ ዳር ጠጅ ቤት ነበራት። አባቴ በሕፃንነቴ ስለሞተ ያሳደገችኝ ማር አንጥራ፣ ጌሾ ቀቅላ ነው። መምህር ተሰማ እሑድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ይመጣል፤ ጥግ ይዞ አንድ ብርሌ ጠጅ በዝግታ ይጠጣና ማንንም ሳያነጋግር ይወጣል። ያን ሰሞን እናቴ በወባ ተኝታ ስለነበር ከትምህርት ቤት መልስ ቤቱን የምይዘው እኔ ነበርኩ። እሑድ ለእሱም የቀዳሁለት እኔ ነኝ፤ መድከሜን በዓይኑ አይቷል። ሰኞ የክፍልፋይ ፈተና ሰጠን። ከግማሹ በላይ ተሳሳትኩ።

ረቡዕ ጭቃውን ቶሎ ቶሎ ፋቀ። ገባና ወረቀቴን ከፍ አድርጎ ለክፍሉ አሳየ።

«አሰለፈች፣ አንቺስ ተዪው» አለኝ፣ ድምፁን ከፍ ሳያደርግ፣ የሚያዝንልኝ መስሎ። «ጠጅ ለመቅዳት ክፍልፋይ አያስፈልግም። ብርሌው ራሱ ይለካልሻል።»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ከዚያ ቀን ወዲያ ስሜ ብርሌ ሆነ። ወንዝ ስወርድ ብርሌ፣ ቤተ ክርስቲያን ስሄድ ብርሌ። ስሜን የማያውቁ ትንንሾች እንኳ ብርሌ ይሉኝ ነበር።

ለእናቴ ነገርኳት። ብርድ ልብሷን እንደ ተከናነበች አዳመጠችኝና «ብርሌ ምን በደለ? አንቺን ያበላ ብርሌ ነው» አለችኝ። በሚቀጥለው እሑድ ከአልጋዋ ተነስታ፣ ግድግዳ እየተደገፈች፣ ጠጁን ራሷ ቀዳችለት። ደህና ዋሉ ብላ ሸኘችው።

«እማዬ፣ እንዴት ትቀጂለታለሽ?» አልኳት።

«እንግዳ ነዋ። ቂም ከያዝኩበት እሱን ተሸክሜ ልኖር ነው?»

እኔ ግን ተሸከምኩት። ወረቀት እንዳይባክን በሙዝ ቅጠል ላይ በእሾህ እየጫርኩ ክፍልፋይ እሠራ ነበር። ቅጠሉ ሲጫር ቁጥሩ መጀመሪያ አይታይም፤ ትንሽ ቆይቶ ቡናማ ሆኖ ይወጣል። እስኪወጣ ድረስ የማየው የመምህር ተሰማን ፊት ነበር። ጓሯችን ያለው ሙዝ ቅጠሉ ሁሉ ተቦጫጭሮ አለቀ። አንድ ሐሳብ ብቻ ነበረኝ፤ አንድ ቀን እሱ ክፍል እገባለሁ፣ ሲያየኝም ብድግ ይላል።

ብርሌ የተባልኩ ቀን ያልሳቀ አንድ ልጅ ነበር። ጉደታ ይባላል። ዳሪሙ ከሚባል ገጠር የመጣ ነው፤ መቱ አክስቱ ቤት ተቀምጦ ይማር ነበር። በሒሳብ የሚደርስበት አልነበረም፤ መምህር ተሰማ ሰሌዳ ላይ ጥያቄውን ጽፎ ሳይጨርስ መልሱን በኦሮምኛ ለራሱ ሲያንሾካሹክ እሰማው ነበር። ክፍልፋይ በትክክል የገባኝ እሱ በቡና ፍሬ እየከፋፈለ ስላሳየኝ ነው።

የጉደታም ቀን መጣ። የአማርኛ ንባብ ነበር፤ «ጸሐይ» የሚል ቃል ላይ ደረሰ። «ጠሐይ» ብሎ አነበበ።

«ጸሐይ በል» አለው መምህር ተሰማ።

«ጠሐይ።»

«ጸ።»

«ጠ።»

ክፍለ ጊዜው እስኪያልቅ እንዲሁ አቆመው። በመጀመሪያ ሳቅን፤ እኔም ሳቅሁ፣ ልደብቀው አልችልም። በኋላ ማንም የሚስቅ አልነበረም። ደወሉ ሲደወል መምህር ተሰማ መጽሐፉን ዘጋና «ሂድ፤ ላሞችህ እንዲህም ብትል ይገባቸዋል» አለው። ጉደታ መጻሕፍቱን ዴስኩ ላይ አስተካክሎ ደረደራቸው። ወጣ። በዚያው ዳሪሙ ገባ፤ አልተመለሰም።

በኋላ ለመምህርነት ሥልጠና ወደ ሸዋ ስሄድ አንድ ነገር አወቅሁ። መምህር ተሰማ ባደገበት አገር ገበሬው «ጠሐይ» ነው የሚለው።

የስምንተኛ ክፍል ሚኒስትሪ ውጤት የመጣ ዕለት ከመቱ ልጆች ከፍተኛውን ያመጣሁት እኔ ነበርኩ። መምህር ተሰማ በአጠገቤ ሲያልፍ ቆም አለና «አየሽ?» አለኝ። ሌላ ቃል አልጨመረም። ምን ማለቱ እንደሆነ አልገባኝም፤ ያፈረ መሰለኝ። ለዓመታትም ያፈረ እየመሰለኝ ስደሰት ኖርኩ።

አስተማሪ ሆንኩ። ጎሬ አስተማርኩ፣ ሌሎችም ትንንሽ ከተሞች አስተማርኩ። ዓርፌ አላውቅም። ሌሎች አስተማሪዎች ክረምት አገራቸው ሲገቡ እኔ ኮርስ ላይ ነኝ። ሁለት ሰው ለጋብቻ ጠይቆኝ ቆይ እያልኩ አሳለፍኩ። በመጨረሻ ጎሬ ያለው የትምህርት መሥሪያ ቤት ኢንስፔክተር አደረገኝ፤ የየከተማውን ትምህርት ቤት እየዞርኩ አስተማሪዎችን የማይና ዘገባ የማቀርብ ሆንኩ። ሹመቱ በተነገረኝ ቀን መጀመሪያ የጠየቅሁት መምህር ተሰማ የት እንዳለ ነበር። ሁሩሙ ተዛውሯል አሉኝ።

ሁሩሙ የሄድኩት ቡና በሚጭን መኪና ጋቢና ተቀምጬ ነው። አዲስ ቀሚስ ለብሻለሁ። መንገዱን ሁሉ የማስበው ስገባ ብድግ ሲል ነበር።

ብድግ አለ። ያሰብኩት ሆነ። ሸብቷል፣ ኮቱ ያው ካኪ ነው። የትምህርት ቤቱ ዳይሬክተር «ኢንስፔክተር ከጎሬ መጥተዋል» ብሎ ሲያስተዋውቀኝ መምህር ተሰማ አተኩሮ አየኝ። ፊቱ ቀስ ብሎ በራ። ወደ ተማሪዎቹ ዞረ።

«ልጆች፣ ይቺን ሴት ታያላችሁ? የእኔ ተማሪ ናት» አላቸው። «የጠጅ ቤት ልጅ ነበረች። ብርሌ ብዬ ሰድቤ ነው እዚህ ያደረስኳት። አይደለም እንዴ፣ አሰለፈች?»

ስንት ዓመት የለፋሁበትን ነገር በአንድ ዓረፍተ ነገር ነጠቀኝ። የሚኒስትሪ ውጤቴ የመጣ ዕለት «አየሽ?» ያለኝ ለምን እንደሆነ ያኔ ገባኝ። ላሳፍረው ነበር የመጣሁት፤ እሱ ግን ተክሎ ያፈራለትን ዛፍ እንደሚያሳይ ሰው ያሳየኝ ጀመር። ባልማር ኖሮ እሱ ትክክል ነበር፤ ተማርኩ፣ አሁንም እሱ ትክክል ነው። ኋላ ያለው አግዳሚ ላይ ሄጄ ተቀመጥኩና ደብተሬን ከፈትኩ።

እሱም ሊያሳየኝ ፈለገ። የመጀመሪያው ረድፍ ላይ ያለች የአሥራ ሁለት ዓመት ገደማ ልጅ አስነሳ። ጫልቱ ትባላለች። እናቷ ሸክላ ሠሪ ናት፤ በዚያ አካባቢ ሸክላ ሠሪ ቤት የማይበላ፣ ሸክላ ሠሪም ከቤቱ የማያስገባ ሰው ብዙ ነው። አንድ ጥያቄ ጠየቃት፤ ዘገየች።

«ተዪው ጫልቱ» አላት፣ በዚያው በማውቀው ድምፅ። «ጭቃ ለመርገጥ እግር ይበቃል። ራስ ምን ያደርጋል?»

ልጆቹ ሳቁ። ጫልቱ አላለቀሰችም። አንገቷን አዙራ እኔን አየችኝ።

እዚህ ጋ ያደረግሁትን እናገራለሁ። ተነስቼ «ይብቃዎ» ማለት እችል ነበር፤ ሥልጣኑም ነበረኝ። አላልኩም። አቀርቅሬ እያንዳንዷን ቃል ጻፍኩ። ደስም ብሎኝ ነበር፤ አሁን በእጄ ገብቷል እያልኩ። እንዲያውም እንዲጨምር ፈልጌ ነበር። ጨመረም፤ እኔም ጻፍኩ።

ትምህርቱ ሲያበቃ በር ላይ ጠበቅሁት።

«ጉደታስ?» አልኩት።

«የትኛው ጉደታ?»

«የዳሪሙ ልጅ። ጸሐይ በል ያሉት።»

አሰበ። «እ፣ ያ ልጅ» አለ። «እንጨት ሁሉ እሳት አይዝም፤ እሱ እርጥብ ነበር።» ጃንጥላውን ዘርግቶ ወጣ።

በዘገባዬ የጉደታ ቃል እንዲኖርበት ፈለግሁ። ዳሪሙ መኪና አይገባም፤ በቅሎ ተከራይቼ መንገድ ከሚያውቅ ገበሬ ጋር ሄድኩ። ጉደታ ወፍሯል፣ ጢም አውጥቷል፤ ቡና ጥላ ሥር ቀፎ ሲያበጅ አገኘሁት። ሲያየኝ ሥራውን ጥሎ መጣና ሁለቱን እጆቼን ያዘ። «ኮቱ፣ ታኢ» አለኝ፤ ነዪ፣ ተቀመጪ ማለቱ ነው። ያወራነው ሁሉ በኦሮምኛ ነው። በአማርኛ ስጀምርለት በኦሮምኛ ይመልስልኛል።

«አማርኛ ጠፋህ?» አልኩት።

«አልጠፋኝም። ከዚያ ቀን ወዲህ ግን ከአፌ ወጥቶ አያውቅም» አለኝ። «ሹም ፊት ስቀርብ አስተርጓሚ ይዤ እሄዳለሁ። አማርኛ የማልሰማ ስለሚመስላቸው ሁሉን በፊቴ ይናገራሉ።»

አንድ ባለርስት ድንበሩን ገፍቶበት ተካሰው ነበር። ባለርስቱና ጠበቃው ችሎት ደጃፍ ላይ፣ ጉደታ አጠገባቸው ቆሞ፣ የትኛው ምስክር በሐሰት እንደሚመሰክርና ምን እንደሚል ሲመካከሩ ዋሉ። ጉደታ መሬት እየጫረ አዳመጣቸው። ሲቀርቡ በአስተርጓሚው አፍ አንድ በአንድ ዘረገፈው። መሬቱን አስመለሰ። ይህን ሲነግረኝ ዓይኑ ውስጥ ያየሁትን ደስታ አውቀዋለሁ፤ የእኔም ዓይን ውስጥ አለ።

የመጣሁበትን ነገርኩት። ተማሪ ሳለህ ያደረገብህን ተናገርልኝ፣ እጽፈዋለሁ፣ አንተ ትፈርማለህ አልኩት።

ቀፎውን አገላበጠው። «የአንቺ ቂም የአንቺ ነው» አለ። «የእኔን አትውሰጂብኝ። በእሱ ነው የምኖርበት።»

«ሌሎች ልጆችን እያበላሸ ነው።»

«ታዲያ እሱን ለማስቆም የእኔ ቃል ለምን አስፈለገሽ? እዚያው አልነበርሽም?»

ጠርሙስ የሚያህል ቅል ሙሉ ማር ሰጥቶ ሸኘኝ። በቅሎዋ ላይ ሆኜ ተናደድኩበት። ፈሪ ነው አልኩ። የጠየቀኝን ጥያቄ ግን አልመለስኩለትም።

ዘገባውን ጻፍኩ። ስለ ራሴ አንድ ቃል የለበትም፤ ጫልቱ ላይ የተባለውን ቃል በቃል አሰፈርኩ። ብዙም አልቆየም፤ መምህር ተሰማ ከማስተማር ተነስቶ የመጻሕፍት ዕቃ ቤት ጠባቂ እንዲሆን ተወሰነ። ጡረታው እስኪደርስ ከልጆች ጋር እንዳይገናኝ ማለት ነው።

ጎሬ ቢሮዬ ድረስ መጣ። ጉሙ ወርዶ ከመስኮቱ ውጭ ምንም አይታይም ነበር። በሩን ቆረቆረ፣ «ይፈቀድልኛል?» አለ፣ ገባ። ጠረጴዛዬ ፊት ወንበር ነበር። ተቀመጡ አላልኩትም። ጃንጥላውን አጥፎ ይዞ ቆመ፤ ውኃው ወለሉ ላይ ይንጠባጠባል።

«ወይዘሪት አሰለፈች፣ የጻፉትን አነበብኩት» አለኝ። ለመጀመሪያ ጊዜ እርስዎ አለኝ። «ቃሉ ሁሉ እውነት ነው። አንድ ነገር ግን ጎድሎታል።»

«ምን ጎደለው?»

«እርስዎ ጎደሉ። ጫልቱን ጽፈዋል፣ ራስዎን ግን አልጻፉም። ያን ቀን ባልነካዎት ኖሮ ዛሬ ይህ ወንበር ላይ ይቀመጡ ነበር?»

ይህን ጥያቄ ስፈራው ኖሬያለሁ። «አላውቅም» አልኩት። «እርስዎም አያውቁም። ሳያውቁ ነው የነኩኝ።»

«እኔ በራሴ አውቄዋለሁ» አለ። ድምፁ ዝቅ አለ። «ወላጆቼ ሲሞቱ አጎቴ ወሰደኝ። የእኔን እንጀራ ከውሻው ጋር አንድ ገበታ ላይ ነበር የሚያቀርበው። ዳዊት የደገምኩት፣ ቅኔ የቆጠርኩት፣ እዚህ ድረስ የመጣሁት ለዚያ ሰው ላሳየው ነው። ያ ባይሆን ዛሬም እረኛ ነበርኩ። የሠራኝን ነገር ነው ለእናንተ የሰጠኋችሁ። ሌላ የምሰጣችሁ አልነበረኝም።»

«አጎትዎ አዩልዎት?»

«ሳልደርስ ሞተ።»

ውኃው ይንጠባጠባል።

«ከውሻ ጋር ለበላው ልጅ አዝኛለሁ» አልኩት። «ለእርስዎ ግን አላዘንኩም። አለንጋ አያልቅም ይሉን ነበር። ይኸው አላለቀም፤ እርስዎ ጋ ደረሰ።»

ራሱን ነቀነቀ። ተማሪ ትክክል ሲመልስ እንደሚያደርገው ነበር። እጅ ነስቶ ወጣ።

ደስ አለኝ ወይ? አዎ። ሦስት ቀን ሙሉ ደስ ብሎኝ ሰነበትኩ፤ ምግብ ጣመኝ፣ እንቅልፌ መልካም ሆነ። ይህን የምደብቀው ነገር አይደለም።

በሳምንቱ ሁሩሙ ወረድኩ። ለጫልቱ ሰውየው መነሳቱን ልነግራት፣ አይዞሽ ልላት ነበር። ክፍሏ ገባሁ፤ ቦታዋ ባዶ ነው። እኔ በመጣሁ ማግሥት አቋርጣለች አሉኝ። ቤታቸው ከከተማው ወጣ ብሎ ወንዝ ዳር ነው። እናቷ ዕቃ ልትሸጥ ሄዳለች፤ ጫልቱ ቀሚሷን ሰብስባ ጭቃ ትረግጣለች።

«ጫልቱ፣ ነይ ተመለሺ» አልኳት። «መምህር ተሰማ ከእንግዲህ አያስተምርም። እኔ ነኝ ያስነሳሁት።»

መርገጧን አላቆመችም።

«እርስዎም እዚያ ተቀምጠው ነበር፣ እትዬ» አለችኝ።

ስድብ አልነበረም። ያየችውን ነው የተናገረችው። ጉደታ የጠየቀኝ ጥያቄ ያን ጊዜ ገባኝ። እዚያ ወንዝ ዳር ቆሜ አንድ ሐሳብ በልቤ ሲያልፍ ያዝኩት፤ ይቺ ልጅ እኔን ከጠላችኝ፣ ለእኔ ለማሳየት ስትል ትማር ይሆናል የሚል ሐሳብ። የሰፈሩ ሰው የማይቀመጥበት ደጃፍ ላይ ቁጭ አልኩ።

እናቷ እስክትመለስ ጠበቅሁ። ጥፋቴን ለሁለቱም ነገርኳቸው። ሁለት ጊዜ ተመልሼ ሄድኩ። በሁለተኛው እናቲቱ ውኃ ሰጥታኝ ጠጣሁ፤ «መስከረም እናያለን» አለችኝ።

መስከረም ላይ ጫልቱ ትምህርት ቤት ተመለሰች። አዲስ የመጣው አስተማሪ ጂኦግራፊ የሚወድ ጎበዝ ልጅ ነበር፤ ካርታ ሰሌዳ ላይ በባለ ቀለም ጠመኔ እየሳለ ያስተምራል። ዓመቱ መጨረሻ አካባቢ ለቁጥጥር ስሄድ ጫልቱን ከክፍሏ አንደኛ ሆና አገኘኋት። ትምህርት ካለቀ በኋላ ብቻዋን ተቀምጣ ትስል ነበር። አጠገቧ ተቀመጥኩ። ወንዞች ናቸው የምትስለው፤ ሶር ከጫካው ተነስቶ ገባ ከሚባለው ወንዝ ሲቀላቀል፣ እሱም ወደ ባሮ ሲፈስ።

«ጎብዘሻል» አልኳት። «ማን ነው እንዲህ ያስጠናሽ?»

«ማንም።»

«ልታሳዪው የምትፈልጊው ሰው አለ?»

ቀና ብላ አየችኝ። ጥያቄው አልገባትም። «ለማን ነው የማሳየው?»

«ታዲያ ለምን ተመለስሽ?»

«ካርታ ደስ ይለኛል» አለች። «ውኃው የት እንደሚሄድ ማወቅ ደስ ይለኛል።»

ሌላ ነገር እንዳለ ልጠይቃት ፈለግሁ። ለምን፣ ለምን እያልኩ ላስጨንቃት ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ራሴን ገታሁ። ከዚህ የተለየ ምክንያት አልነበራትም፤ ፊቷ ላይ ይታያል። እኔ ሰው ትምህርትን እንዲሁ ወዶ እንደሚማር በዚያ ዕድሜዬ ገና መስማቴ ነው። ያን ጊዜ መምህር ተሰማን የጠላሁት ሰባተኛ ክፍል ሆኜ ከጠላሁት ይበልጥ ነበር።

ጫልቱ እርሳሷን አስቀመጠችና ፊቷን ወደ እኔ አዞረች።

«እርስዎስ፣ እትዬ? ተማሪ ሆነው ከትምህርት ምኑን ነበር የሚወዱት?»

አፌን ከፈትኩ። ሒሳብ ልል ነበር፤ አማርኛ ልል ነበር። እያንዳንዱን አንስቼ አየሁት፤ ከሁሉም ላይ የሚያየኝ የመምህር ተሰማ ፊት ነው። ልጅቷ ሳትቸኩል ጠበቀችኝ። ውጭ ወደ ጎሬ የሚመልሰኝ የቡና መኪና ጥሩምባውን ነፋ። «እንዳይሄድብኝ» ብያት ዘንቢሌን አነሳሁና ወጣሁ።